ወደ ሐኪም አልሄድም ለሚል ባል

እኅቴ ሆይ፤ ባልሽ ብዙ ወራት ያልለቀቀውን፥ ነጣ ያለና ሲነካ የማይሰማውን የገላውን ምልክት በልብስ እየሸፈነ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ቢልሽ፥ በቍጣ አትናገሪው። እኔ ሚስቴን ስለ ሽፍታዋ ብቈጣት ሁለት ወር ሸሸገችኝ። ባልሽ የሚፈራው የሥጋ ደዌ ነው መባልን ነው። ንዕማንንስ ወደ ዮርዳኖስ ያወረደው የአገልጋዮቹ የለዘበ ቃል አይደለምን?

ምልክት ሁሉ ያ ደዌ አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ባጸናው በአንድነት በሚወሰዱ መድኃኒቶች፥ ያለ ዋጋ፥ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ቢዘገይ ግን የስሜት ሥርን ያበላሻል፥ እጅና እግርም ይደነዝዛል፤ ያ ጕዳት ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ይህን ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በቀስታ አስረጂው። ከታመመ ሰው ጋር በአንድ ቤት የኖረ ሁሉ መመርመር ይገባዋልና፥ «እኔም አብሬህ እታያለሁ» በዪው።