አድማጭን መከተልና አድማጭን መጥራት

አንድ ሙዚቀኛ ሠላሳና አርባ ዓመት መድረክ ላይ ከቆየ አብረውት የጀመሩት አድማጮቹ ያረጃሉ። ከእነሱ ጋር ያርጅ ወይስ ሌላ ትውልድ ይፈልግ? ነገሩ የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ሲመረመር ግን የአደራ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ ባለሙያ ለመጀመሪያ አድማጩ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄውን ወደ ሞላሌ ይዘነው እንውጣ። በመንዝ ደጋ ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ቤት የገባ አዝማሪ አድማጩን ፊት ለፊት ያየዋል። ስሙን ጠይቆ ያወድሰዋል፤ «ተቀበል» ሲባል ስንኙን ተቀብሎ ያዜማል። ነገ በሌላ ደጃፍ ስሙም ውዳሴውም ይለወጣል፤ ዜማው ግን ያው ነው። ሽለላ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ሰሚው ደሙ ሞቆ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ይፎክራል። እዚያ አድማጭ ባለ ድርሻ ነው።

ከመንዝ አፋፍ ሥር ካለው ከይፋት የተገኘው ጌታቸው መኩሪያ ይህንን ሽለላ ለሳክስፎን ሰጠው። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ለዓመታት ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ሲቃረብ፣ አምስተርዳም ላይ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ቡድን ጋር መድረክ ተጋራ፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ፈረንጆች በሽለላ ጨፈሩ።

እዚህ ላይ የሚከራከር አይጠፋም። «ሽለላ ያለ ቃሉ ምንድን ነው? የማንን ጀግንነት ሰምተው ነው የጨፈሩት?» ይላል። እውነት አለው፤ ቃሉ ሲቀር የሚወደሰው ሰው ቀርቷል፤ ስሙ ሲጠራ የሚሰማው ኃላፊነትም አብሮ ቀርቷል። ይህ ትንሽ ኪሣራ አይደለም። ነገር ግን ጌታቸው ቃሉን የተወው ለፈረንጅ ብሎ አልነበረም። ሽለላውን በሳክስፎን ያሰማው ገና አዲስ አበባ ሳለ፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሕዝብ ነው። ባሕር ማዶ የተሻገረው ያንኑ ይዞ ነው።

የደብረ ብርሃኑን ተወላጅ ኃይሉ መርጊያንም እናስታውስ። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ይህ ሰው በአሜሪካ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት የሚለማመድበትን ኪቦርድ ከመኪናው አይለይም ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም አዲስ ትውልድ እሱን ፈልጎ መጣ። ያኔ እጁ አልዛገም።

እንግዲህ አድማጭን መከተልና አድማጭን መጥራት ይለያያሉ። የሚከተል፣ የዘመኑን ልብስ ሁሉ ሲቀያይር ሰውነቱ ይጠፋዋል። የሚጠራ ግን መሣሪያውን፣ አጃቢውን፣ አገሩንም ቢለውጥ የሚጠራበት ድምፅ የራሱ ነው። እኛም የቀድሞ አድማጮች ብንሆን «የጥንቱን ብቻ ተጫወትልን» ስንል ብዙ ጊዜ የምንናፍቀው የራሳችንን ወጣትነት ነው፤ ያንን የመጠበቅ ዕዳ የለበትም። ያለበት ዕዳ ሌላ ነው። ሞላሌ ያለ አንድ ሸላይ ሽማግሌ ያንን ሳክስፎን ቢሰማ «ይህስ የእኛ ነው» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል? የሚነሣ ከሆነ፣ አምስተርዳም የጨፈረው ወጣት ከሽማግሌው ምንም አልወሰደበትም።