ባለ ደሙ

በዴዴሳ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። በግጦሽ ይጣላሉ፣ በሠርግ ይታረቃሉ፣ ደግሞ በግጦሽ ይጣላሉ። አንድ የጥቅምት ማለዳ ከብት ማጠጫው ላይ የምዕራቡ ዳር ጎረምሳ የምሥራቁን ዳር ሽማግሌ ታላቅ ልጅ በዱላ መታው። የተመታው አልተነሣም። ጎረምሳው ሸሸ፤ ግን ከአገር አልወጣም። እናቱ ጓሮ፣ ከቡናው ጥሻ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ተደበቀ።

ጉማን፣ የደም እርቅን ሥርዓት፣ የሚያውቅ የወለጋ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ሳይነገረው ያውቀዋል። ደሙ እስኪደርቅ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ ገበያ ላይ ቢገጣጠሙ አንደኛው መንገድ ይለቃል። ካሳ አለ፤ ከብት ይቆጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከብቱ ብቻውን ግን ደም አያደርቅም። «ትቻለሁ» የሚለው ቃል ከባለ ደሙ አፍ መውጣት አለበት። ጎረቤት ቢተወው፣ የቀበሌው ሁሉ ሰው ቢተወው፣ ሟቹን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ እንኳ አዝኖ ቢተወው ምንም አይደለም፤ የራሳቸው ያልሆነውን እንዴት ይተዉታል?

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከምሥራቁ ዳር አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተሻግረው መጡ። እናትየዋ መደብ አንጥፋ፣ ቡና ቀላ አቅርባ ተቀበለቻቸው።

«ልጅሽን ከተደበቀበት አውጪው» አሏት። «የሟቹ አባት ልባቸው ራርቷል።»

«ኦቦ፣ ራርተዋል ነው ያሉኝ ወይስ ትተዋል?»

ሽማግሌው ቡናውን አኘኩና ዝም አሉ። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«ራርቷል ነው ያልኩሽ።»

«እንግዲያው ልጄ አይወጣም። ቡናውን ይጨርሱ።»

ከእሳቸው በኋላ አንድ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ከግርጌው የሟቹ አባት የጣት አሻራ አለበት። እናትየዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና «ጣቱስ የሳቸው ይሁን፤ ጣታቸውን ይዞ ቀለም ውስጥ የነከረው ማን ነው?» አለች። ሌላም መጣ፤ ቀኑ ቀርቧል፣ የሚመጣው ይመጣል ብሎ ተናግሮ ሄደ። እሱን አመነችው። ልጇን ግን አላወጣችም።

ነሐሴ ገባ። ዴዴሳ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ በሚወርድበት ሰሞን ማንም አይሻገርም። በአንዱ ሌሊት ግን ውሻው ጮኸ፣ በረቱ አጠገብ የሰው ኮቴ ተሰማ። የጎረምሳው የአጎት ልጅ፣ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ፣ ደመኛ መጣ ብሎ በጨለማው ዱላውን አነሣና ሰነዘረ። ኩራዝ ሲወጣ በር ላይ አንድ ወጣት ተንበርክኮ አዩ። ልብሱ በወንዙ ውኃ ርሷል፣ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ በእጁ ጦርም ዱላም የለም። ይዘው አስገቡት።

እናትየዋ ቁስሉን ስታጥብ ሁለቱ አጎቶች ከጓዳ ክርክር ያዙ።

«መልእክተኛ ነው» አለ ታናሽየው። «ከፊተኞቹ የሚበልጠው በዋና ብቻ ነው። የተላከ ሰው ከላኪው ያንሳል። ይበላና ይሂድ።»

ታላቅየው ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን የሚለየው በድምፅ ነው። «መልእክተኛ እንዳልሆነስ ድምፁ ይነግረኛል» አለ። «ይሄ የሟቹ አባት፣ ሽማግሌው ራሱ ነው። ልብስ ለውጦ፣ ወጣት መስሎ መጥቷል። ባለ ደሙ አንድ ነው፤ የመጣውም እሱው ነው።»

እናትየዋ ከምድጃው ሳትነሣ ለሁለቱም መለሰች። «መልእክተኛ ከሆነ ደሙ የሱ አይደለም፤ የሱ ካልሆነ ሊተወው አይችልም፤ እኔም በከንቱ እያጠብኩት ነው። ሽማግሌው ራሱ ከሆነ ደግሞ ሲገባ ‘አባቴ ልኮኛል’ ያለው ስለ ማን ነው? እስቲ እሱን እንጠይቀው እንጂ እናንተን ምን አስለፈለፋችሁ?» ወደ ወጣቱም ዞረች። «ልጄ፣ ማን ነህ?»

«የሽማግሌው ልጅ ነኝ። የሞተው ወንድሜ ነው። አባቴ ልኮኛል፤ እኔም ወድጄ መጥቻለሁ። ደሙ የአባቴ ነው፤ የእኔም ነው።»

ታናሽ አጎት ሒሳብ ይወድ ነበርና ብቅ አለ። «ታዲያ ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የአባትህ ነዋ? ያንተን ግማሽ ከተውክልን በቀረው ላይ በከብት እንነጋገራለን።»

«ደም በእኩሌታ አይካፈልም» አለ ወጣቱ። «ሁሉም የአባቴ ነው፣ ሁሉም የእኔ ነው። እሱ የተወውን እኔ ትቼዋለሁ። እኔ ዛሬ በዚህ ቤት የተውኩትን እሱ ትቶታል። ሁለት ይቅርታ አላመጣሁላችሁም።»

እናትየዋ የያዘችውን ጨርቅ አየችው፤ ቀልቷል። «ይሄስ?» አለች። «በአንዱ ደም ላይ ዛሬ ሌላ ደም ጨምረናል። ይሄ ደግሞ የማንም ሳይሆን ያንተው ነው።»

«እሱንም ትቼዋለሁ።»

«አባትህን ሳትጠይቅ?»

«ስነሣ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።»

ጎረምሳው ከቡናው ጥሻ ተጠርቶ መጣ። አሥር ወር ሰው ፊት ያልቆመ ልጅ ነው፤ ጠጉሩ አድጓል፣ ዓይኑ ከመሬት አይነሣም። አንጮቴ በቅቤ ተለውሶ ቀረበ። ወጣቱ ቆረሰና በላ፤ ገበታውንም ወደ ገዳዩ ገፋ አደረገው። ቤቱ ሁሉ የልጁን እጅ ያይ ጀመር። ከቆይታ በኋላ እጁ ተነሣ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ገበታውን ያበጀሁት እኔ ነኝ፤ ክርክሩ ግን የቆየ ነው። በቅፍርናሆም አንድ ሽባ በጣራ በኩል በወረደ ጊዜ ኢየሱስ አስቀድሞ የተናገረው ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ኃጢአቱ ነበር፤ ተተውልህ አለው። እዚያ የተቀመጡት ጻፎች በልባቸው ተቆጡ፤ ከእግዚአብሔር በቀር ይህን ማን ይችላል ብለው። ብዙ ሰባኪ ጻፎቹን ያለ አግባብ ይወቅሳቸዋል። ስሌታቸው እኮ ልክ ነበር፤ የእናትየዋ ስሌት ነው። ሰው የገዛ ራሱን በደል ይተዋል። ኢየሱስ ግን እሱን ምንም ያላደረገውን ሰው፣ ራሱ እንደ ተበደለ ሆኖ ማረው። ወይ ባለ ደሙ ነው፣ ወይ የሰው ገንዘብ የሚመጸውት ነው። ጻፎቹ የሳቱት ስሌቱን አይደለም፤ ፊታቸው የቆመውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተከራከሩት በዚሁ፣ ወልድ ራሱ ባለ ደሙ ነው ወይስ የተላከ ፍጡር በሚለው ላይ ነው። አርዮስ ወልድን ከፍጡራን ሁሉ በላይ አድርጎ አክብሮታል፤ ግን ፍጡር ነው አለ። የኋላው የእስክንድርያ ጳጳስ አትናቴዎስ ዕድሜውን ሙሉ የሞገተው ፍጡር ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር ሊያስታርቅ አይችልም ብሎ ነው። ክርክሩ ከእኛም ደጅ ደርሷል። በ350ዎቹ ዓመታት የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ አትናቴዎስ የሾመውን የአክሱም ጳጳስ ፍሬምናጦስን እንዲመልሱለት ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፏል፤ ደብዳቤው በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ኢዛና በበኩሉ በግሪክኛ ባስቀረጸው ድንጋይ መግቢያ ላይ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል።

ወለጋ ይህን እምነት በሁለት በር ተቀብላዋለች። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1882 የእንባቦ ጦርነት ወዲህ በመኳንንቱ በኩል የገባው ኦርቶዶክሱ ነው፤ የነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳ ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ሌላው በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ ያመጣው የወንጌላውያኑ ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ፤ አናሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገባ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ የአገሩ ካህናት ከአቡነ ማቴዎስ ፊት አቀረቡት። ክሱ ድንግል ማርያምን ሰደበ የሚል ነበር። በሥላሴ ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች የኒቅያን እምነት ይቀበሉ ነበር፤ ዛሬም የኦርቶዶክሱና የመካነ ኢየሱሱ ነቀምቴ ይቀበላሉ። በማርያም፣ በጾም፣ በታቦት እየተጣሉ በዋናው ነገር አንድ መሆናቸው የሚያስቀኝም የሚያጽናናኝም ነገር ነው።

ሁለቱ አጎቶችም አልጠፉም። የይሖዋ ምሥክሮች ወልድ የመጀመሪያው ፍጥረት ነው፣ ከአብ ጋር አይተካከልም ይላሉ። በተለምዶ ኦንሊ ጂሰስ የሚባሉት ደግሞ አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም አንዱ ኢየሱስ ነው ብለው በስሙ ብቻ ያጠምቃሉ። ሁለቱም መጽሐፉን አንብበው ነው የሚናገሩት፤ የአንዱ መልስ «ልኮኛል» የሚለውን፣ የሌላው «የእኔም ነው» የሚለውን አጥብቆ ይይዛል። እኔ ግን ሁለቱን ቃል አንድ አፍ እንደ ተናገራቸው መርሳት አልችልም። ከሰማዩ ነገር ወደ ምድሩ ብንወርድም፣ ልጇ የሞተባት እናት ሳትጠየቅ አዳራሽ ውስጥ የሚታወጅ እርቅ ለምን እንደማይጸና በቅርብ ዓመታት ብዙ የቀበረ የወለጋ ሰው ማስረጃ አያሻውም።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ አለ። ሽማግሌውና ልጁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሲተው ሌላው እምቢ ሊል ይችል ነበር፣ አባትየውም ልጁ ሳይወለድ ብዙ ዓመት ኖሯል። ስለ አብና ወልድ እንዲህ አይባልም፤ በአካል ሁለት ቢሆኑም ባሕርያቸው አንድ፣ ፈቃዳቸው አንድ፣ መቀዳደምም የላቸውም። ከዚህ የባሰ ጉድለት ደግሞ አለው፤ መንፈስ ቅዱስ የለበትም። የገዳዩን እጅ ወደ ገበታው ያነሣው ማን እንደሆነ ልናገር ሞክሬ ነበር። ግን እሱን ሰው አድርጌ አንድ ጥግ ባስቀምጠው፣ በቤቱ ውስጥ ሦስት ባለ ደሞች ይሆኑብኛል፤ የሥላሴ መምህራንም ከሁሉ አስቀድመው የሚከለክሉት ይህንኑ ነው።