ጧሂር ከሆነ ይበቃል?

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ገለፈት ነው። አዎ፣ ስለ ሩዝ ገለፈት።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው የወረታን የሩዝ መፈልፈያዎች ያውቃቸዋል። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሳይቀር እዚያው ነው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ታዲያ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ነው። ሲሊካ ስለሚበዛበት ቶሎ አይበሰብስም፤ ለከብትም ደህና መኖ አይሆንም። ይከመራል፤ ወይም ይቃጠልና ጭሱ ጎረቤት ይገባል።

ሕንድና ስሪ ላንካ የኮኮናት ቃጫ አጥበው በዓለም ዙሪያ ችግኝ ለሚያፈሉ ሰዎች ይሸጣሉ። እኛ ኮኮናት ባይኖረንም ገለፈቱ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጃፓኖች አየር እያሳጡ ያከስሉትና «ኩንታን» ይሉታል። አመድ ሳይሆን በውሃ ያጠፉታል። ከዚያ የአመድነት ጠባዩ እንዲቀንስ ይለቀለቃል፣ ከብስባሽ ጋር ይደባለቃል። ቀላል ነው፣ ውሃ አያቁርም፣ ሥር ይተነፍስበታል። መሬት የሌለው ወጣት በግቢው ውስጥ የቲማቲም ወይም የሽንኩርት ችግኝ አፍልቶ ሊሸጥበት ይችላል።

ጥያቄው የሚመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። ችግኙ ተነቅሎ ተሸጠ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቃጫም ሆነ ገለፈት ቀረ። መጣሉ ኢስራፍ ነው። እንደገና ልጠቀምበት? ፊቅሁን ከጠየቃችሁ መልሱ አጭር ነው፦ የደረቀ ሥር ነጃሳ አይደለም፤ ጧሂር ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን።

ግን «ጧሂር ነው» የሚለው ፍርድ የሚመልሰው ልብሴን ቢነካው መስገድ እችላለሁ ወይ የሚለውን ነው። ጎረቤቴን ይጎዳል ወይ የሚለውን አይመልስም። የቲማቲም አጠውላጊ በሽታ በዓይን አይታይም፤ ሥር የሚያሳብጡት ጥቃቅን ትሎችም እንደዚያው። ከሳጥናችሁ ወደ አንዲት እናት ማሳ ከገቡ ለዓመታት ላይለቋት ይችላሉ። እሷ ደግሞ ሌላ ማሳ የላትም። እናንተ ከኢስራፍ ዳናችሁ፣ ኪሳራው እሷ ዘንድ ሄደ። ይህ ኢስራፍን መተው ሳይሆን ወደ ሰው ቤት ማሻገር ነው።

«በሽታ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ አስታውሱ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ልብ በሉ፣ እህሉን ያረጠበው እሱ አይደለም! የተወቀሰውም በዝናቡ አልነበረም፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ እንጂ። እናንተም ስለማታዩት ተሕዋስ ብቻ አይደለም የምትጠየቁት። ሁለተኛ ዙር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ማጠባችሁን ወይም አለማጠባችሁንም ታውቃላችሁ።

ማጠብ ስል ውሃ አርከፍክፎ ማለፍ ማለቴ አይደለም። ሥሩ ተለቅሞ ይውጣ። ማዳበሪያው ጨው ትቶ ስለሚሄድ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ወይም እርጥቡን በስሱ ዘርግታችሁ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑትና ጠንካራ ፀሐይ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተዉት። የፎገራ በጋ ፀሐይ እንደሆነ በነፃ ነው። ያለቀለቃችሁበት ውሃም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ፤ ይህን የሚያስብ ሰው ብዙ አላየሁም።

ባለፈው ዙር ችግኝ የጠወለገበትን ግን ባታጥቡት ይሻላል። ለችግኝ መሆኑ ይቅር። ገዢዋም ባትጠይቃችሁ እንኳ ሁለተኛ ዙር መሆኑን ንገሯት። ዋጋ ልትቀንስባችሁ ትችላለች፤ መብቷ ነው።

ወላሁ አዕለም።