«እሳት!» ብላችሁ ጩኹ፤ ስሙን ግን ለሚያጣራ ንገሩ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ የሆነውን የማያውቅ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕለቱ ዓርብ ነበር። በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ ተባለ። ወሬው ከጭሱ ፈጥኖ ከተማውን አዳረሰ። ማን ለኮሰው ተብሎ በወጉ ሳይጠየቅ መልሱ በየአፉ ነበር፤ መልሱም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የአንድ ሃይማኖት ስም ሆነ። ከዚያ መስጊዶች ነደዱ፤ አራት መሆናቸው በወቅቱ ተዘግቧል። የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ተሰብረው ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በቀናት ውስጥ የክልሉ ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን መያዙን አስታወቀ፣ በየከተማው ሰልፍ ተወጣ፣ ክርስቲያኑም ከሙስሊሙ ጋር ለማሠሪያ ገንዘብ አዋጣ። መዋጮው ደግ ሥራ ነው። ግን ጎረቤቱ ቆሞ እያየ ሱቁ የተዘረፈ ሰው፣ ያንን ዓይን በምን ገንዘብ ይረሳዋል?

ስለዚያ ቀን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማንኛውንም እሳት መጀመሪያ ያየ ሰው መኖሩ አይቀርም። ከየት በኩል እንደጀመረ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ አካባቢው ምን ምን ይሸት እንደነበር መናገር የሚችል እሱ ነው። የዚያ ሰው ቃል ወደሚመረምር ጆሮ ከገባ ፍትሕ ይሆናል። አደባባይ ላይ ከወደቀ ግን እያንዳንዱ አላፊ የየራሱን ቂም እየጨመረበት ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ለቢቸናም ለሞጣም ሰው የምለው ይህን ነው። እሳት ስታዩ ጩኹ። ኡኡ በሉ፣ ደወል ደውሉ፣ ውኃና አፈር ይዛችሁ ሩጡ። «እነ እገሌ አቃጠሉን» ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ጩኸት ሰው የሚጠራው እሳት ለማጥፋት ነው፤ ሁለተኛው የሚጠራው ለበቀል ነው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አትጩኹ። ጥርጣሬ ሊኖራችሁ ይችላል፤ ጥርጣሬያችሁም እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠበቅ ያለበት ነገር ነው፤ ተጠርጣሪው በጩኸት ነቅቶ ከሸሸ፣ ወይም ሕዝቡ ሌላ ሰው ደብድቦ ከገደለ፣ እውነቱ ለማንም አይጠቅምም። ያንን ለሚያጣራ ሰው፣ ለብቻው፣ በጆሮው ንገሩት።

እሳት መነሻው ብዙ ነው። በቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አጠገብ የቀረ ጧፍ አለ፤ ከጥና የወደቀ ፍም አለ። በከተማው ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ኮንታክት ይፈጥራል፤ ሌሊት ሳይጠፋ ያደረ ከሰል አለ፤ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸረው ቤንዚን አለ። ሆን ተብሎ የተለኮሰም አለ። ይህንን ከዚያ የሚለየው የጩኸቱ ብዛት አይደለም። መርማሪ እሳቱ ከጠፋ በኋላ አጎንብሶ አመዱን ነው የሚያየው። እሳቱ የጀመረው ከአንድ ቦታ ነው ወይስ ተራርቀው ካሉ ሁለት ቦታዎች በአንድ ጊዜ? ከወለሉ በታች ያለው አፈር ቤንዚን ወይም ጋዝ ይሸታል? የሽቦው ጫፍ ቀልጦ እንደ ዶቃ ክብ ሆኗል? መዝጊያው የተሰበረው ከእሳቱ በፊት ነው ወይስ ሊያጠፋ በመጣው ሰው? እነዚህን ምልክቶች የሚያጠፋቸው ማነው ቢባል፣ ብዙ ጊዜ እሳቱ ሳይሆን ጉድ ለማየት የገባ ሰው እግር ነው። ስለዚህ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ውጡ፤ ሌላውንም አስወጡ። ማንም አመዱን እንዳይረግጥ፣ ምንም ነገር እንዳያነሣ በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌ አቁሙ።

ጥቆማም እንዲሁ ነው። ጠቃሚ ጥቆማ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለያይቶ የሚናገር ነው። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ለሽንት ወጥቼ ከጓሮው በኩል ጭስ አየሁ፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር፤ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ፊቱን ግን አላየሁም።» ይህ ጥቆማ ነው። ፊቱን አላየሁም ማለቱ ቃሉን ያጠነክረዋል እንጂ አያደክመውም። «ሰው እንዳለው እነ እገሌ ናቸው፣ ድሮም ልማዳቸው ነው» የሚለው ግን ወሬ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉት አባቶች ለዚህ ነው። የሰማችሁትን መናገር ክልክል አይደለም፤ ከማን እንደሰማችሁ፣ መቼ እንደሰማችሁ አብራችሁ ተናገሩ፤ የገመታችሁትንም ግምቴ ነው በሉ።

ይህን ስል የሚመልስልኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «ጆሮ ጠቢ ሁን ትለኛለህ?» ይለኛል። ቁጣው መነሻ አለው። በደርግ ዘመን በቀበሌ በኩል የተላለፈ ጥቆማ ስንቱን ወጣት እንደበላ የማያስታውስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚያም ቀድሞ በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬ፣ የእርሻ ገቢ ግብር ሊገምት የመጣውን ሹም ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ሲነሣ፣ የመጣለት መልስ ጦርና አውሮፕላን ነበር። መዝገብ ይዞ የሚመጣን ሰው መጠርጠር በዚህ አገር ከአያት የወረደ ነው። ዛሬም ጸጥታው በተናጋበት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የታየ ሰው በሌላው ወገን ምን ሊባል እንደሚችል አውቃለሁ። አቅልዬ አላየውም። ነገር ግን የሰውን አሳብና ፖለቲካ ማሳበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች ተኝተው ያሉበት ቤት ሊቃጠል መሆኑን ሰምቶ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። ከተቃጠለ በኋላ ያ ዝምታ ከደም አይተናነስም።

አባቶቻችን ይህን ጭንቀት አውቀውት ነበር። ቤት ተቃጥሎ፣ ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ሁሉም ይምላል፣ ሁሉም ይጠየቃል። የሚያውቀውን በስሙ ቢናገር ደመኛ የሚገዛ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይጠቁም ነበር። ሽማግሌዎቹ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠይቁም፤ ወፏ ያለችው እውነት መሆን አለመሆኑን ግን ያጣራሉ። በጎጃም ደም እንዴት ትውልድ እንደሚሻገር የሚያውቅ ሰው ይህ ብልኃት ስንት ነፍስ እንዳዳነ ይገባዋል። እርግጥ አውጫጭኝ እንከን ነበረበት፤ አገሬው ሥራ ፈትቶ ቀናትን ይቀመጥ ነበር፣ የቀረም ይቀጣ ነበር። ከሱ አጠገብ ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባለው ነበር፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ጥቆማን ይመረምራል፤ ሁለተኛው መጠቆምን ራሱን ፍርድ ያደርገዋል። ዛሬ በስልክ በተላከ አንድ ቪዲዮ ተነሥቶ የሰው ሱቅ የሚሰብር ወጣት ያንን እየተንገዳገደ የሚገባ ልጅ እየተከተለ ነው። መንግሥት ሌባ ሻይን ከከለከለ ቆይቷል፤ እኛም ከልባችን እናስወጣው።

ሕጉም ቢሆን ለጠቋሚ ቦታ አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንጀል ሲፈጸም ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት እንደሚችል ደንግጎ ነበር። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ በከባድ ወንጀሎች፣ ማለትም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት በሚያስቀጡት ላይ፣ ሕይወቱ ወይም ንብረቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ጠቋሚ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ማንነቱ እንዲሰወር፣ መኖሪያው እንዲለወጥ፣ ምስክርነቱ ከመጋረጃ በስተጀርባ እንዲሰማ የሚሉ ዘዴዎች ተዘርዝረውበታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን እያወቀ ያላስታወቀ ሰው ይጠየቃል። ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የወነጀለም ይቀጣል። በድንበር የተጣላችሁትን፣ በንግድ የቀደማችሁን፣ ልጃችሁን የከለከላችሁን ሰው በእሳት ስም አትበቀሉ። አንድ የሐሰት ጥቆማ ከተደረሰበት በኋላ የሚቀጥለውን እውነተኛ ጥቆማ የሚያምን አይኖርም።

አሁን ወደ ተቀባዮቹ ልዙር፤ ትልቁ ሸክም በነሱ ላይ ነውና። የከተማ ፖሊስ፣ የቀበሌ ኃላፊ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ካህን፣ ኢማም፣ የዕድር ዳኛ፣ ሰው መጥቶ በጆሯችሁ ከተናገረ ነፍሱን በእጃችሁ አስቀምጧል። በቡና ላይ «አንድ ሰው ነግሮኝ» ብላችሁ ስትጀምሩ፣ በትንሽ ከተማ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ሦስተኛው አድማጭ ያውቀዋል። ለሚስት እንኳ አይነገርም። ስሙን ከጥቆማው ጋር በአንድ ወረቀት አትጻፉት። አሜሪካ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. አልበከርኪ በምትባል ከተማ የተጀመረ አንድ የጥቆማ አሠራር ነበር፤ ደዋዩ ስሙን አይጠየቅም፣ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በኋላም በዚያ ቁጥር ብቻ ይነጋገራል። አሠራሩ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። እንዲህ ያለው ነገር ሀብት አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ አፉን የሚጠብቅ ሰው ይበቃዋል።

ደግሞም አጣሩ። ጥቆማ በመጣ ቁጥር ሰው ማሰር ምርመራ አይደለም። መጀመሪያ ቦታውን ጠብቁ፤ ሊቃጠል ነው የተባለው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መጋዘን ሌሊቱን ዘብ ይደርለት፣ ውኃና አሸዋ ይቅረብለት። ጥቆማው ሐሰት ቢሆን የጠፋው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጠቋሚውን ፈልጋችሁ፣ ሰው በማያይበት፣ ነገርህ ደርሷል በሉት። ተናግሮ ምንም ያላየ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ስለ ቦምብ አንድ ቃል ልጨምር። ጦርነት ባለፈበት አገር ያልፈነዳ የእጅ ቦምብና ተተኳሽ በሜዳ ይቀራል፤ ብረት መስሏቸው የሚያነሡት እረኞች ናቸው። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ስታዩ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፤ ከሩቅ ምልክት አድርጋችሁ ልጆቹን አርቁና ለሚመለከተው አስታውቁ። ልጆቻችሁንም ዛሬ ከብት ይዘው ሳይወጡ ይህን ንገሯቸው። እዚህ ላይም ማን አስቀመጠው የሚለው ጥያቄ ሰው ከራቀ በኋላ ይደርሳል።

የቀረኝ ለሃይማኖት አባቶች የምጠይቀው ነው። የሞጣና የቢቸና የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎችና የመስጊድ ኢማሞች ሰላም ባለበት ቀን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት የታመኑ ሽማግሌዎች ምረጡ፣ ለሕዝባችሁም «ጥርጣሬ ያለው ለነዚህ ይንገር» በሉ፤ ፖሊስ ጣቢያ መታየት የሚፈራ በነሱ በኩል ያድርስ። ያለ ሰዓቱ ደወል ቢደወል፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጭስ ቢታይ፣ ቄሱ ለኢማሙ፣ ኢማሙም ለቄሱ ይደውል። ሁለቱም አብረው ሄደው ይዩ። ያዩትንም በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ቆመው፣ መነሻው ገና እየተመረመረ ከሆነም እየተመረመረ ነው ብለው፣ ለተሰበሰበው ሰው ይንገሩ።