ከመንግሥት ስለሚረዱ ሽማግሎችና ባልቴቶች

አንባቢ ሆይ፤ ከመንግሥት ርዳታ የምትቀበል አንዲት ባልቴት ገንዘቧን በተቀበለች በማግስቱ ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ብትጠራ፥ «ለጥሪ የሚተርፍ ካላት ስለ ምን ትረዳለች?» ብለህ በልብህ ታጉረመርም ይሆናል። ነገሩም እውነት ይመስላል፤ ገንዘቡ የተሰጣት ለእንጀራ ነውና። እኔ ግን ይህ ፍርድ ቅን ፍርድ እንዳይደለ ላስረዳህ እወዳለሁ።

አስቀድመን ርዳታው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ (ስሙ ባዕድ ቢሆንም ሰፈርተኛው ሁሉ ለምዶታል) በ1997 ዓ.ም. በገጠር ተጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ገባ። ጕልበት ያለው ድኃ ሠርቶ ይቀበላል፤ ጕልበት የሌለው ሽማግሌ ግን ሳይሠራ ይቀበላል፤ ይህም ቀጥተኛ ድጋፍ ይባላል። ከነዚህም ሽማግሎች ብዙዎቹ ሥራ ፈቶች አልነበሩም። እንጀራ ጋግረው፥ ሸማ ሠርተው፥ እንጨት ተሸክመው ኖረዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ጡረታ የለውም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የጡረታ ሕግ የወጣላቸው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ባልቴቲቱ እየተቀበለች ብቻ ብትኖር ምን ትሆናለች? ትበላለች፤ አትሞትም። ዳሩ ግን በአገራችን ሰው ከሰው የሚቈጠረው ብድር መላሽ ሲሆን ነው፤ ለቅሶ ይደርሳል፥ አራስ ይጠይቃል፥ የዕድሩን መዋጮ ይከፍላል። ይህን ሁሉ የተወ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ይረሳል። ማን እንደሚቀብረውም ሌሊት ተኝቶ ያስባል፤ ይህ ሐሳብ ከራብ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል። በመቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታችን ባያት ጊዜ፥ ለራስሽ አስቀሪው ብሎ አልከለከላትም።

ርዳታ የሚሰጥበት መንገድ የሽማግሌን ክብር እንዴት እንደሚነካ ለማወቅ የእንግሊዝን አገር ተመልከት። በዚያ አገር ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ወደ ድኆች መጠለያ ይገባ ነበር፤ በዚያም የተረጂ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ይለያዩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከጥር 1 ቀን 1909 ዓ.ም. ጀምሮ ግን 70 ዓመት የሞላው ድኃ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ይቀበል ጀመር። ገንዘቡ ትንሽ ነበረ፤ ሕጉም አስቀድሞ የድኆች ርዳታ የወሰዱትን በመጀመሪያ ከልክሎ ነበር። ሆኖም ሽማግሌው ገንዘቡን የሚቀበለው ከድኆች ሹም ደጅ ሳይሆን ማንም ሰው ደብዳቤ ከሚልክበት ከፖስታ ቤት ነበረ። በቤቱ እየኖረ ስለ ተቀበለም እንደ ወደደ ያወጣው ነበር።

በእኛ ከተሞች ተረጂውን በመለየት ከሰፈሩ ሰዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ይሳተፋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአንተ ማጉረምረም ከኮሚቴው ጆሮ የሚደርስ ከመሰላት፥ ባልቴቲቱ ከሰል ማያያዝ ትታ ደጇን ትዘጋለች። ገንዘቡን ለአረቄ የሚያጠፋ የለምን? ቢኖር ምከረው፤ በእርሱ ምክንያት ግን ሌላዋን አትክሰስ። «መንግሥት ይዟታል» ብለው እናታቸውን መጠየቅ የተዉ ልጆችም ቢኖሩ፥ ከቡናዋ ይልቅ ልትነቅፍ የሚገባህ እነርሱን ነበረ።

ስለዚህ ብትጠራህ ሂድ፤ ሦስተኛውንም ስኒ ሳትጠጣ አትነሣ። እንደ ጎረቤት ልማድ ስኳር ይዘህ ብትሄድ መልካም ነው። ብር ግን ከረከቦቱ ሥር ደብቀህ አትውጣ፤ በዚያ ቀን ጋባዧ እርሷ ናትና።