ልኩን የጣለ ማዕድ

55 ቀን ቈጠርን። ከዘወረደ ጀምረን ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት እያልን እያንዳንዱን ሳምንት በስሙ ጠራን፤ በሰሙነ ሕማማት ሰገድን፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ቀመስን፤ በስቅለት ጉልበታችን እስኪከዳን ወደቅን፣ ተነሣን፤ ከመካከላችን የበረቱት አክፍለው እሑድ ሌሊት ደረሱ። ከዚያ ዶሮ ጮኸ፤ ጧፋችንን አጥፍተን ወደየቤታችን ገባን፤ ያን ሁሉ ቀን በሥርዓት ያቆየነውን ሰውነት በአንድ ሌሊት ለሆድ አሳልፈን ሰጠነው። ጾሙን በቍጥር ጾምን። ፍስኩን ያለ ቍጥር በላን።

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምለው ከማዕዱ ርቄ ቆሜ አይደለም። እጄ ከእጃችሁ ጋር ከአንድ ትሪ ገብቷል፤ ወቀሳውም ከእኔ ይጀምራል።

ልክ አልተሰጠንም እንዳንል ተሰጥቶናል። አንዲት ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል፣ 12 ዕንቍላል ይከተላታል፤ ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ ዕንቍላል። ድርሻው ገና በቢላዋው ሥር ሳለ የተለየ ነበር። እናቶቻችን ቆዳዋን ገፈው፣ ስቧን ለቅመው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው፣ ሽንኩርቱን ያለ ቅባት በደረቁ፣ እንዳያርር ውኃ ጠብ እያደረጉ ሰዓታት ቆመው ያቁላሉ ነበር፤ ቅቤው የሚገባው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነበርና ለወጡ አካል የሚሰጠው ሽንኩርቱ እንጂ ቅባቱ አልነበረም። እኛ ግን መቆም ታከተን፤ ቁሌቱ እንዲፈጥንልን ዘይቱን ከሥር አንቆረቆርን፣ ቅቤውን ከላይ ደረብን፣ አንዲቷን ዶሮ ሦስት አደረግናት፣ ከጎኗ ክትፎውን፣ ዱለቱን፣ ጥብሱን፣ ቁርጡን ደረደርን፣ ጎመኑን የጾም ነው ብለን ከገበታው አወጣን፣ አይቡን ለዓይን ያህል በማንኪያ ጫፍ ጣል አደረግን፣ ወጡ ላይ ቅቤ ተንሳፍፎ ካላየንም በዓሉ የመጣ አልመስል አለን። ወጉን ጠበቅን እንላለን። አፈረስነው።

ስሌቱንም ዓይን ዓይኑን እንየው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ አንድ ግራም ቅባት 9 ይይዛል። አንድ ኪሎ ንጥር ቅቤ ወደ 9,000 ይጠጋል፤ ለአንድ ጎልማሳ በቀን 2,000 ያህል የሚበቃው ከሆነ፣ በአንድ ድስት የአራት ቀን ምግብ ገልብጠን ትርፉን እንዳላየን አልፈናል ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ብቻ ጨመርን እንበል፤ ለ12 ሰው ቢታደል ሥጋው፣ ዕንቍላሉ፣ እንጀራው ሳይቈጠር ከቅቤው ብቻ ለእያንዳንዱ 370 ገደማ ይደርሰዋል። በማዕዳችን ግን 12 ሰው አይቀመጥም። ስድስት ነን፤ ድርሻችንም እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ለልጆቻችን ለስላሳውን እንከፍታለን፤ በ330 ሚሊ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ እንኳ ለቀኑ በሙሉ ከ50 ግራም እንዳያልፍ የሚመክረውን ሁለተኛው ጠርሙስ አልፎት ይሄዳል። ጨውም ለቀኑ ከ5 ግራም በታች ይሁን ተብሏል፤ እኛ በበርበሬው ውስጥ ጨው መኖሩን ረስተን በወጡ ላይ እንደገና እንበትናለን። የቅቤውን ዋጋ ገበያ ላይ እስከ መጨረሻው ብር ተከራከርንበት። በደም ሥራችን ውስጥ የሚያስከፍለንን አልጠየቅንም።

መንሸራተቱ የጀመረው በፋሲካ ሌሊት እንዳይመስለን። በጾሙ ውስጥ ጀምሯል፤ ሥጋውን ትተን ዘይቱን እጥፍ አደረግን፣ ሽሮውን በዘይት አንሳፈፍን፣ በሳምቡሳና በብስኩት ጾምን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ እኛ በማንኪያ መስፈር ከተውን ቆይተናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። አጎቴ ስኳር አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፋሲካ ማለዳ፣ ጥቂት ከቀመሰ በኋላ «ይበቃኛል» ብሎ እጁን በማዕዱ ላይ ጋረደ። እኔ «በሞቴ» አልሁት። አንድ ጎረሰ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን አጐረስሁት፤ ሦስተኛውን ደገምሁ፤ ጠጁን ቀዳሁለት፣ ድፎውን ቈረስሁለት፤ እርሱም ፍቅሬን ላለማሳፈር እያመነታ ዋጠው። በማግስቱ ሐኪም ቤት ተኝቶ አገኘሁት። ሐኪሙ ስኳሩ ምን እንዲህ እንዳወጣው ሲጠይቀው ወደ እኔ እንኳ አልተመለከተም፤ «በዓል ነበር» አለ።

በሞቴ ብለን የምናጐርሳቸው እነማን ናቸው? ግፊት ያለባት እናታችን፣ ሐሞቷ በቅባት የሚነሣባት እኅታችን፣ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይነካው የሰነበተ ጨጓራውን ይዞ የመጣ ጎረቤታችን። ሕመማቸውን እናውቃለን፤ መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ የምናመጣላቸው እኛ ነን፤ የክኒኑን ሰዓት የምናስታውሳቸው እኛ ነን፤ በዚያው እጃችን ጮማውን ጠቅልለን ወደ አፋቸው እንሰድዳለን። እንቢ ሲሉ ተቀየምን። ልምድ አልነው። አክብሮት አልነው። አላከበርናቸውም።

እንግዲህ እንመለስ፤ መመለሳችንም ከድስቱ ይጀምር። የሆሳዕና ሳምንት ሳያልፍ ማዕዱን እንቍጠር፤ ስንት ሰው ይመጣል፣ ማን ሕመም አለበት፣ ምን ያህል ይበቃል። ለ12 ሰው አንዲት ዶሮ ትውጣ፣ ሽንኩርቷም በደረቁ ይቁላላ፤ በግማሽ ኪሎው ፈንታ ሩብ ኪሎ ቅቤ ይግባ፣ ያም ወጡ ሊወርድ ሲል ለመዓዛ። ጎመኑ ወደ ገበታው ይመለስ። አይብ የሚወጣው ቅቤው ተንጦ ከተለየው አሬራ ነውና ከወተት ተዋጽኦ ቀለል ያለውን በገዛ ቤታችን ይዘን ሳለ ማስጌጫ አድርገን ማዋረዳችን ይብቃ፤ ጎመን በአይብ ብቻውን የበዓል ወጥ መሆን ይችላል። ከቅርጫው መደባችን ቀዩን ለጥብስ እንለይ፣ ጮማውን እንቀንስ፤ ሥጋውም ይብሰል፤ አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ጥሬው ስላመጣባቸው ትል ነው፤ መድኃኒቱን ረስተን ሕመሙን ማቆየት አይገባንም። ለታመሙት አልጫው ጨው ሳይነካው በትንሽ ድስት ይለይላቸው፤ ይህ ለአንዲት ወጥ ሠሪ ትንሽ ድካም ነው፣ እኛ ግን ለዓመታት ነፍገናቸዋል። ጾም ስንፈታ በተልባ እንጀምር፣ እናቶቻችን አንጀት ያለሰልሳል ብለው ያቀርቡልን እንደ ነበረ፤ ከዚያ ጥቂት እንቅመስ፣ እንተኛ፣ በቀትር እንመለስበት። ጊዜ አለን፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ከፊታችን ተዘርግቷል። በአንድ ሌሊት ለመጨረስ ማን አቻኮለን?

የተረፈውም የማን እንደ ሆነ እናውቃለን። በደጃችን የተቀመጠው፣ ፋሲካ በጠረኑ ብቻ የደረሰው፣ እርሱም እንደ እኛ 55 ቀን ጾሟል። ሦስተኛዋ ዶሮ የእርሱ ነበረች። በላንበት።

በቅዳም ሥዑር ማታ፣ ቄጤማው በራሳችን ታስሮ፣ ቁሌቱ በምድጃው ላይ ሲንተከተክ፣ ቅቤው ከመግባቱ በፊት ማንኪያውን እናንሣ፤ እንስፈር። በማለዳውም አንድ ሽማግሌ «ይበቃኛል» ብሎ እጁን በማዕዱ ላይ ሲጋርድ መሐላውን እንዋጠው፤ የተጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው እንመልሰው፤ ከጎኑም እንቀመጥ፤ ያወራልናል።