የአባት ምኞት፣ የልጅ ምርጫና የአስተርጓሚው ኅሊና

አንድ ወጣት የሚማረውን የትምህርት መስክ የመምረጥ መብት የማን ነው? የወላጅ ነውን ወይስ የልጅ? በአገር ቤት ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን እምብዛም አልተነሳም። የተከፈተው በር አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ጭንቀታችን በዚያ በር መግባት መቻላችን እንጂ ከበሮች መካከል መምረጣችን አልነበረም። እዚህ ስቶክሆልም ግን ጃንዋሪ በገባ ቁጥር ጥያቄው በሪንከቢ፣ በቴንስታና በሁስቢ በሚገኙ የወገኖቻችን ቤቶች ሁሉ ይነሳል። ዘጠነኛ ክፍልን የሚያጠናቅቅ ልጅ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ለይምናሲየም፣ ማለትም ለሦስቱ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ምርጫውን ማስገባት አለበትና።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የቅጽ አሞላል ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ይህን የምንለው በንድፈ ሐሳብ ተመርተን ሳይሆን በራሳችን ላይ ከደረሰ ጥፋት ተነስተን ስለሆነ፣ ነገሩን በግለሂስ መጀመር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት በኖቬምበር ወር አንድ ወገናችን በልጃቸው ትምህርት ቤት በሚደረገው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ውይይት ላይ እንድንገኝላቸው ጠየቁን። ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ ቀን በእንቅልፍና በሐሳብ መካከል የሚውሉ ሰው ናቸው። እስከዚያ ድረስ በየውይይቱ ያስተረጎመላቸው ልጁ ራሱ ነበር። መምህሯ በሒሳብ ወደኋላ መቅረቱን ስትናገር፣ ልጁ «ጎበዝ ነው፤ በዚሁ ይቀጥል አለች» እያለ አባቱን ደስ ሲያሰኝ ኖሯል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ነገር ግን ቡሆውን ለልጁ አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያን ዕለት መምህሯ የተናገረችው ግልጽ ነበር። ልጁ ሒሳብን ካላለፈ ለየትኛውም ብሔራዊ መርሐ ግብር ብቁ አይሆንም። አባት ወደ እኛ ዞር ብለው «ምን አለች፣ ልጆቼ?» አሉን። እኛም የሰውዬውን ዕድሜ፣ ድካምና ተስፋ አይተን «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀረዋል፤ ከበረታ ይደርሳል» አልናቸው። ይህ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። አባት ተደስተው ወጡ። ልጁ ኤሌክትሪክ መማር ይፈልግ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሐኪም እንዲሆንላቸው የተፈጥሮ ሳይንስን አስሞሉት። በኤፕሪል የመጀመሪያው የቅበላ ውጤት ሲወጣ ልጁ ለሁለቱም ብቁ አለመሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ አባት ቤታቸው ጠርተው የተናገሩን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፤ «ልጄ ዋሸኝ፤ እሱ ልጅ ነው፣ ፈርቶኝ ነው። እናንተስ ምን ፈርታችሁ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የአባትንና የልጅን አቋም በየበኩሉ መመርመር ያስፈልጋል።

የአባት ምኞት በታሪክ የተመሠረተ ነው። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ ይፋ ሲሆን፣ ሰፊው ሕዝብ የተረዳው ለአብዛኛው የድኻ ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ለጥቂቶች ነው ተብሎ እንደተፈረደበት ነው። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ ይህ ዕቅድ እንዲቀር መጠየቃቸው ከሕዝቡ ድጋፍ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኒህ ሰው ወላጆች በዚያ ቁጣ ውስጥ ያለፉ ናቸው። እርሳቸውም ከስምንተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድረስ ጓደኞቻቸው በየደረጃው ሲንጠባጠቡ አይተዋል። እንዲህ ላለ ሰው «ልጅህ የሙያ ትምህርት ይማር» ማለት «አራት ዓመት ይበቃዋል» እንደማለት ሆኖ ቢሰማው አያስገርምም።

ነገር ግን ታሪክ ያወረሰን ሁሉ የተቀደሰ አይደለም። በዚያው ምኞት ውስጥ ሌላ ነገር ተሸሽጓል፤ ይኸውም ለእጅ ሥራ ያለን የቆየ ንቀት ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው እየሰደበ በሠሩት ዕቃ የኖረ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። አፄ ምኒልክ በዘመናቸው መገባደጃ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ፣ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የበሽታውን ጥልቀት ይመሰክራል። ስለዚህ የአባትን ፍርሃት ልናከብር፣ ንቀቱን ግን ልንነቅፍ ይገባል። ፍርሃቱም ቢሆን በዕውቀት ሊቀልል የሚችል ነው። ከ18ቱ ብሔራዊ መርሐ ግብሮች 6ቱ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጁ፣ 12ቱ የሙያ ናቸው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የሙያ መርሐ ግብሮችም ተማሪው አልፈልግም ካላለ በስተቀር ለከፍተኛ ትምህርት መሠረታዊ ብቃት የሚያስገኙትን ትምህርቶች ይጨምራሉ። ሕክምናን ለመሰለ የትምህርት መስክ ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ለዚያም የጎልማሶች ትምህርት ቤት አለ። በሩ ጠብቧል እንጂ አልተዘጋም። ይህን ለአባት የነገራቸው ግን አልነበረም።

የልጁስ መብት? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት፣ ስዊድን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሯ ሕግ ያደረገችው፣ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ እንዲደመጥ ያዛል። ያው ስምምነት ግን ወላጅ ለልጁ በዕድሜውና በብስለቱ መጠን አመራር የመስጠት መብትና ኃላፊነት እንዳለውም ይደነግጋል። ብዙ ወላጆች «እዚህ አገር ልጅ የመንግሥት ነው» ይላሉ። ልጅን መምታት በ1979 እ.ኤ.አ. በሕግ ስለተከለከለ፣ ልጅን መምከርም አብሮ የተከለከለ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሕጉ የነጠቀው አለንጋውን እንጂ ምክሩን አይደለም። እንዲያውም አለንጋ የሌለው አባት የሚቀረው ኃይል ዕውቀት ብቻ ስለሆነ፣ ዕውቀቱንም የነፈግነው እንደሆነ አባትነቱን ራሱን ነፍገነዋል።

በሌላ በኩል «ነጻ ምርጫ» የሚለው ቃል ሊያታልለን አይገባም። የስቶክሆልም ከተማ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የይምናሲየም ቅበላን በተማሪዎች ውጤት ላይ ሲመሠርት፣ ከቴንስታ የመጣ ልጅ በከተማው መካከል ያለ ትምህርት ቤት መግባት የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል። ሆኖም የነጥቡን አሠራር፣ ምርጫን በቅደም ተከተል መደርደር ምን ማለት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ውጤት ከወጣ በኋላ ምርጫን መለወጥ የሚቻልበት ጊዜ እንዳለ የሚያውቅ ቤተሰብ ይመርጣል፤ የማያውቅ ቤተሰብ ግን ይመረጥለታል። ያለ ዕውቀት የሚደረግ ምርጫ ዕጣ ነው። ጓደኛው ስለሄደበት ብቻ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ልጅም፣ የጎረቤት ልጅ ስለገባበት ብቻ ሐኪም ይሁንልኝ የሚል አባትም ነጻ አይደሉም።

ከዚህ በመነሳት የእኛ አቋም የሚከተለው ነው። የመምረጥ መብት የልጁ ነው፤ ሦስት ዓመት በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው፣ በሙያውም የሚኖረው እርሱ ነውና። የማወቅ መብት ደግሞ የወላጅ ነው፤ ያላወቀ ወላጅ ሊመክር አይችልምና። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይበላሻል። እውነት ያልተነገረው አባት ያዛል እንጂ አይመክርም፤ የሚታዘዝ ብቻ የሆነ ልጅም ይዋሻል እንጂ አይመርጥም። በዚያ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል የቆምነው እኛ ነበርን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1876 እ.ኤ.አ. ወደ ስዊድን መጥተው እዚሁ ስቶክሆልም በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረዋል። በሕፃንነታቸው በባሪያ ፈንጋይ የተነጠቁ ስለነበሩ የሚያማክሩት ወላጅ አልነበራቸውም። በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሲያሳትሙ፣ የተርጓሚ ሥራ አደራ መሆኑን በዕድሜያቸው አሳዩ። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ሳይቀንስ ያደርሳል። እኛ ግን ከአደራው ቀነስን፤ ያንንም አክብሮት ብለን ጠራነው። ሰውን ማክበር እውነትን ሊሸከም የሚችል መሆኑን ማመን ነው። አባትን እንደ ሕፃን ቆጥረን ነገሩን ያለሰለስንባቸው ዕለት፣ ልጃቸው ለዓመታት ያደረገውን ደገምነው፤ በዕድሜም በትምህርትም ከርሱ እየበለጥን።

«ተማሪዎች የወላጆች ሞግዚት ማን አደረጋችሁ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። እኛ በየቤቱ ገብተን ልጁ ይህን ይማር የምንል ከሆነ፣ አንዱን አዛዥ በሌላ አዛዥ መተካታችን ነው። ስለዚህ ሥራችን ማሳወቅና በታማኝነት ማስተርጎም ብቻ ይሁን። ከዚያም አልፎ እኛ የማናስፈልግበትን ቀን ማቅረብ ይገባናል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአስተዳደር ሕግ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በሚያስፈልግ ጊዜ አስተርጓሚ እንዲጠቀም ያዛል። ወላጅ ከውይይቱ ቀን በፊት አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ይጠይቅ፤ ልጁንም ከዚህ ሸክም ያሳርፈው።

በተግባርም ማኅበራችን ሥራውን በጃንዋሪ ሳይሆን ትምህርት በሚከፈትበት በመከር መጀመር አለበት። ወላጆችንና ልጆችን በአንድነት ሰብስበን፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ እናስረዳ። ስዊድንኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ካልታለፉ ሌላው ውጤት ቢያምርም ብሔራዊ መርሐ ግብር እንደማይገኝ፣ ለሙያ ከሦስቱ ሌላ በ5፣ ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ በ9 ትምህርቶች ማለፍ እንደሚያስፈልግ፣ የወደቀም ልጅ በመሸጋገሪያ መርሐ ግብር ተምሮ ሊመለስ እንደሚችል በግልጽ እንንገር። በሒሳብ የሚያስጠኑ አባሎቻችንም ከወሬ ወደ ጠረጴዛው ይቅረቡ።

ያ ልጅ ዛሬ በመሸጋገሪያ መርሐ ግብር ውስጥ ሒሳቡን በመድገም ላይ ነው። በዚህ መከር በተደረገው ውይይት ላይ አባት በትምህርት ቤቱ በኩል በቀረበ አስተርጓሚ አማካይነት ሁሉንም ሰሙ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ልጃቸውን «ይህ ኤሌክትሪክ የምትለው ነገር ምንድን ነው? እስቲ አስረዳኝ» አሉት። ልጁም ቤት እስኪደርሱ አስረዳቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እውነቱን ሳናጎድል ለማድረስ ግን እኛ እያደር መጥራትን መጠበቅ አይገባንም።